ገመዴን ያሰረው ሰው

በ1986 ዓ.ም. ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዳንግላ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ፣ ስድስት ሜትር በተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜ ገመድ የሚያስርልኝ ሰው እጠብቃለሁ። ገመዱን ይዞ የመጣው ስንሻው ነው። በዚያው ጠዋት ከስንሻው ጋር ለመደባደብ ትንሽ ነበር የቀረን።

ጠቡ የማይረባ ነው። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪናው ሲያዝ ወርጄ እገፋለሁ። እሱ ከላይ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ፣ «በርታ የጥሊሊ በሬ! ትንሽ ቀረህ!» አለኝ። የጥሊሊ ሰው ነኝ። ሁሉም ሳቁ። ሲወርድ አንገቱን ያዝኩት፤ ሾፌሩ ነው ያላቀቀን። በውሃ ጽሕፈት ቤቱ ጉድጓድ ቆፋሪ ሆኜ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ቀኔ ነበር።

የቡድናችን አለቃ አያ አዳሙ ይባላል። የባንጃ ሰው ነው። በአዊኛ አፉን የፈታ፣ አማርኛውን እየመረጠ ቀስ አድርጎ የሚናገር ረጅም ሰው። ሲናደድ በአዊኛ ነው፤ ሲያዝን በአማርኛ። ጠባችንን ከዳር ቆሞ አየ እንጂ አልገላገለም። ጉድጓዱ ዘንድ ስንደርስ ግን ምንም እንዳላየ ሆኖ፣ «ዛሬ ማን ከማን ጋር ተኮራርፏል?» አለ። የቡድኑ አራተኛ ሰው ታከለ፣ በአገጩ ወደ እኛ አመለከተ።

«እንግዲያው ጫኔ ይወርዳል። ገመዱን ስንሻው ያስርለታል።»

«አያ አዳሙ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ይገድለኛል!» አልኩ።

«ከገደለህ የሚያወጣህም እሱ ነው። ከባድ ነህ፤ አያደርገውም።»

ስንሻው ሳይስቅ አሰረኝ። ገመዱን በብብቴ ሥር ሁለት ጊዜ አዞረ፣ በጭኖቼ መሃል አሳለፈ፣ ቋጠሮውን እጄ በማይደርስበት በጀርባዬ ላይ አደረገው። ጉልበቱን ወገቤ ላይ ተክሎ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ሳበው። ከዚያ በጆሮዬ፣ «በል አሁን ስደበኝ» አለኝ። ስድብ አልመጣልኝም። ወረድኩ።

ያን መውረድ አሁንም በሕልሜ አየዋለሁ። መጀመሪያ የሰው ድምፅ ይርቃል። ቀጥሎ የላዩ ቀይ አፈር ያልፍሃል፣ ከዚያ ቢጫው ሸክላ፣ ከዚያ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር የበሰበሰ ድንጋይ። ብርዱ እንደ እንጅባራ ብርድ አይደለም፤ የማይነፍስ፣ የተኛ ብርድ ነው። ቀና ስትል ሰማዩ ወንፊት አክሎ ታየዋለህ። ከጉድጓድ ውስጥ በቀን ኮከብ ይታያል የሚሉ አሉ። ብዙ ዓመት ወርጃለሁ፤ አንድም አላየሁም። ያየሁት ወንፊቱን የሚያህል ሰማይና ዳር ዳሩ ላይ የሰው ጭንቅላት ነው። ጭንቅላቱ ካለ ደህና ነህ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ አንድ ወረቀት ብዬ ነው። ከወረቀቱ ሥር የእኔ ፊርማ አለ፤ የተጻፈው ግን ውሸት ነው። ውሸቱ የተጻፈው በስንሻው ላይ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌ እንደ ዶማ ነው፤ ያንገራግጫል። የሚያነብ ይታገሰኝ።

የአያ አዳሙ ሕግ ጥቂት ናት። የሚወርድ ሰው ገመዱን ለራሱ አያስርም። የሚያስርለት ደግሞ ያኮረፈው ሰው ነው፤ ያኮረፈው ከሌለ ማንም ይሰረው። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልነገረንም። ስንጠይቀው፣ «አንተ ብቻ እሰር» ይለናል። ሌላው፣ ከአፉ ላይ የሚቆመው ሰው ዝም አይልም። ያወራል። ምንም ይሁን፤ ስለ በሬው፣ ስለ አማቱ፣ ስለ ጫማው። ከታች ያለው ሰው የሚሰማው ነገር ከጠፋ ልቡ ይሸሻል ይል ነበር። እንዲህ ሆኖ የተኮራረፈ ሰው እስከ ምሳ ድረስ ሳይወድ በግዱ ያወራል። ስንሻው በዚያች በመጀመሪያዋ ቀን ስለ አንዲት እርግጫ ስለምትወድ በቅሎ ሲያወራልኝ ዋለ። መጨረሻውን ሳይነግረኝ ምሳ ደረሰና ስወጣ የጠየቅኩት፣ «እሺ፣ በቅሎዋስ?» ብዬ ነው። ኩርፊያው እዚያ ላይ አለቀ።

ፋኖሱም አለ። ጉድጓድ ካደረ ሰው ከመውረዱ በፊት የበራ ፋኖስ በገመድ ይወርዳል። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ከነደደ ይወረዳል። ከደበዘዘ ወይ ከጠፋ ከታች የተኛው አየር ክፉ ነው። ያን ጊዜ ቅጠሉ የበዛ ቅርንጫፍ በገመድ እያወረድን እያወጣን አየሩን እናማስላለን፣ ባልዲ ውሃ እንረጭበታለን፣ ግማሽ ቀንም ቢሆን እንጠብቃለን። ኩራዝ ይሻላል፣ ይቀላል ያለው ሰው ነበር። አያ አዳሙ እምቢ አለ። «ኩራዝን ንፋስም ያጠፋዋል። መስተዋት ያለው ፋኖስ ግን ከጠፋ ምክንያት የለህም» አለ። ይህችን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ።

አዲስ ቦታ ስንደርስ አያ አዳሙ መጀመሪያ ማሳውን አይረግጥም ነበር። ከባለ ማሳው ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያወራል፤ ላሟ የት መተኛት ትወዳለች፣ በበጋ የትኛው ሣር ነው ዘግይቶ የሚደርቅ ይለዋል። በኋላ አፈሩን አንስቶ ያሸታል። ውሃ ሲወጣ የመጀመሪያውን ጉንጭ ተፍቶ ሁለተኛውን ይውጣል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል፤ ማንም አያናግረውም። እኔ ከታች ሆኜ ውሃ ሲመጣ የሚሰማውን አውቃለሁ። እንደ ምንጭ አይፈስም። ከድንጋዩ ሥር ሰው በሹክሹክታ ስምህን እንደሚጠራ ያለ ነገር ነው። ዶማህን ታቆምና ትሰማለህ። እግርህ መሃል ይረጥባል።

ከዳንግላ ወደ ጥሊሊ፣ ከጥሊሊ ወደ አዘና፣ ከዚያ ወደ አዲስ ቅዳም እየዞርን ቆፈርን። የጽሕፈት ቤቱ አለቆች መጡ ሄዱ። ከመኪናው የማይወርድ ነበር፤ በመስኮት «ስንት ሜትር?» ብሎ የሚሄድ። አበላችንን ሳይጠየቅ የሚያመጣ ደግ ሰውም ነበር፤ እሱ ቶሎ ተዛወረ። ስንጀምር የነበርነው አራት ሰዎች ግን አልተለያየንም። ስንሻው ሲያስረኝ ሲያስረኝ ኖሮ፣ ቋጠሮውን በጀርባዬ ለይቼ አውቀው ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ይሄ የታከለ ነው» ወይም «ይሄ የስንሻው ነው» እላለሁ። አልሳሳትም።

አያ አዳሙ ጡረታ ሲወጣ የቡድኑ አለቃ አደረጉኝ። ከዚያ ነው የተበላሸሁት። እውነቱን ልናገር ብዬ ስለተነሳሁ ነው እንዲህ የምለው።

በ2001 ዓ.ም. አዘና አጠገብ ስንሠራ የጉድጓዱን ግድግዳ የሚደግፍ የሲሚንቶ ቀለበት ስናወርድ ወድቆ ተሰነጠቀ። ገመዱን የያዝነው እኔም ስንሻውም ነበርን። የጽሕፈት ቤቱ አለቃ ሲጠይቀኝ ስንሻው በሌለበት፣ «የስንሻው እጅ ነው ያመለጠው» አልኩ። ስንሻው ከሾፌሩ ሰማው። መጣና ፊቴ ቆመ።

«ጫኔ፣ እንዲህ ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«አለቃው እኔ ነኝ። ለአንተ ማስረዳት አለብኝ?»

አየኝ። «የለብህም» አለና ሄደ። ከዚያ በኋላ አስራ አንድ ቀን ቃል አልተነጋገርንም። ጠዋት ጠዋት ማን ከማን እንደተኮራረፈ የሚጠይቅ አልነበረም። ጠያቂው መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ጉድጓዱ ለሁለት ቀን በዓል ተከድኖ፣ ዝናብ ዘንቦበት ነው የከፈትነው። በዚያ ቀን ከዞን እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል፤ አለቃው ውሃ ላይ ደርሳችሁ ጠብቁኝ ብሎኛል። የቀበሌው ሰዎች ሊያግዙ ተሰብስበዋል። ስንሻው ማንም ሳያዘው ፋኖሱን ለኩሶ አወረደ። አራት ሜትር ላይ ደበዘዘ፤ ጠፋ። አውጥቶ እንደገና ለኮሰ። እንደገና ጠፋ።

«ጫኔ፣ እሳቱ ሞተ» አለኝ። በአስራ አንድ ቀን የመጀመሪያ ቃሉ ነበር።

«ንፋስ ነው» አልኩ።

«ፋኖስ ነው እኮ!»

«ሥራ ለማስፈታት ነው የምትፈልገው። እኔ እወርዳለሁ።»

ታከለ ክንዴን ያዘኝ። «አያ ጫኔ ተው፣ ቅጠል እናማስልበት፤ እንግዶቹ ቢጠብቁ ምን ይሆናሉ?» አለኝ። አልሰማሁትም። ስንሻው ገመዱን አንስቶ ወደ እኔ ቀረበ፤ እንደ ልማዱ ሊያስርልኝ። ከእጁ ነጠቅኩት። በሰው ፊት ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ከፊቴ ቋጠርኩት። ራሴ ለራሴ።

ከታች ደርሼ ዶማ አነሳሁ። ሁለት ጊዜ ሳልመታ ጉልበቴ ከዳኝ። ወንፊቱ ሰማይ ቀስ ብሎ ጠበበ። አልፈራሁም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ደስ የሚል እንቅልፍ መጣብኝ፤ የጥሊሊ ገበያ መሃል የቆምኩ መሰለኝ፤ ሰው ሁሉ እየሳቀ ያልፈኛል።

የቀረውን የነገረኝ ታከለ ነው። ሳቡኝ። ሰውነቴ ዝልፍልፍ ሲል ገመዱ ከወገቤ ወደ ብብቴ፣ ከብብቴ በእጆቼ ላይ ሾልኮ ወጣ። ከሁለት ሰው ቁመት ላይ ተመልሼ ወደቅኩ። ያን ጊዜ ነው የአያ አዳሙ ሕግ ምን እንደሆነ የገባኝ፤ ማለቴ በኋላ፣ በጤና ጣቢያ ተኝቼ። ሰው ለራሱ ሲያስር ነቅቶ ገመዱን ለሚይዝ ሰው ነው የሚያስረው። ራሱን ስቶ አይታየውማ! ሌላ ሰው ሲያስርልህ ግን ነፍስህን እንደሳትክ ቆጥሮ ያስርሃል። ያኮረፈህ ሰው ደግሞ፣ ብትወድቅ በእሱ እንደሚሳበብ ስለሚያውቅ፣ ከሁሉ አጥብቆ ያስርሃል።

ስንሻው ሸሚዙን ውሃ ነክሮ አፍንጫውንና አፉን አሰረ። ገመዱን ለታከለ ሰጠውና ጀርባውን አዞረለት። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እንኳ ለራሱ አላሰረም። ወረደ። በባልዲው ገመድ እኔን እንደ መጀመሪያው ቀን አድርጎ አሰረኝ፤ በብብት፣ በጭን፣ በጀርባ። ከላይ ገመድ የሚሳብበት መዘውር አንድ ነው፤ አንዳችን መቅደም ነበረብን። «እሱን!» ብሎ ጮኸ። እኔን ሲያወጡ እሱ እዚያ ክፉ አየር ውስጥ ቆየ። ሲያወጡት ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ሰውነቱ ተዝለፍልፏል፤ የታከለ ቋጠሮ ግን ያዘው።

እኔ ሁለት የጎድን አጥንት ተሰበረብኝ፤ ዳነ። ስንሻው ግን እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሰው ስም ይጠፋበት ጀመር።

አለቃው ጤና ጣቢያ ወረቀት ይዞ መጣ። እላዬ ላይ ቆሞ አነበበልኝ። «ሠራተኛ ስንሻው የፋኖስ ፍተሻ ሳያደርግ በመቅረቱ አደጋው ደርሷል» ይላል። «እንዲህ ነው አይደል ጫኔ?» አለኝ። ጥድፊያው የእሱ ስለነበር ፈርቷል። እኔም አለቃነቴን እንዳላጣ ፈራሁ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ለሚስቴ ፊደል ስለማይሆንልኝ ሳላነብ ነው የፈረምኩት ብያታለሁ። ተነብቦልኛል። ቃል በቃል ሰምቼዋለሁ።

የስንሻው ኮንትራት አልታደሰም። አዲስ ቅዳም ገብቶ ከሰል መሸጥ ጀመረ አሉ።

አያ አዳሙ ስለ አደጋው ሰምቶ ከባንጃ በበቅሎ መጣ። ምን ሆንክ አላለኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «ማን አሰረህ?»

«ራሴ።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ለምን እንደሆነ ነግሬህ ቢሆን…» አለ። በአማርኛ ነው ያለው። ስለ ወረቀቱ አልነገርኩትም። ሳያውቅ ሞተ።

ከዚያ አስራ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ማሽን መጣ፣ የቁፋሮ ድርጅት መጣ፣ እኛ ፓምፕ ጠጋኝ ሆንን። አዲስ ቅዳም ሥራ ሲኖር አመመኝ እያልኩ ቀርቻለሁ። እውነት ያመመኝ ጊዜም አለ።

ዘንድሮ በ2017 ስድሳ ሞላኝ። ጡረታ ልወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ እንጅባራ በአንድ አዳራሽ ሥልጠና ጠሩን። ስለ መተማመንና አብሮ ስለ መሥራት ነው። አሠልጣኟ ጨዋ ልጅ ናት፤ ግድግዳው ላይ ባለ ቀለም ወረቀት ለጠፈች። በኋላ ሁለት ሁለት ሆነን እንድንቆም አደረገች፤ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ሌላው ይይዘዋል። ሳቅ ሆነ። የእኔ ተራ ሲደርስ ቆምኩ።

«አባባ፣ ይውደቁ እንጂ። አያምኑንም እንዴ?»

«አልወድቅም።»

«ጋሽ ጫኔ ግትር ነው፣ እለፊው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እናንተን ሳላምን ቀርቼ አይደለም ልጄ» አልኳት። «እኔን አምኖ የወደቀ ሰው ስላለ ነው።»

ከዚያ ተናገርኩ። ገመዱን፣ ፋኖሱን፣ ወረቀቱን። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ታከለ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር፤ ስጨርስ መሬት መሬቱን እያየ፣ «አስራ ስድስት ዓመት እስክትለው ጠብቄሃለሁ» አለኝ። «አንተስ ለምን ዝም አልክ?» ስለው፣ «ማን ጠየቀኝ!» አለ።

ያሁኑ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበር። ቢሮው ገብቼ ወረቀቱ እንዲወጣ ጠየቅኩ።

«ጋሽ ጫኔ፣ ያለፈ ነገር ነው። አሁን ቢነሳ የጡረታዎን ጉዳይ ሊያጓትትብዎ ይችላል» አለኝ። ለእኔ አስቦ ነው።

«ይጓተት።»

«ያኔ የነበሩት ኃላፊም የሉም።»

«ስንሻው አለ።»

መዝገብ ቤት ተፈልጎ ተገኘ። ወረቀቱ ወይቧል፤ ፊርማዬ ግን እንደ ትናንት ነው። ልጻፍልዎ ሲሉኝ እምቢ አልኩ። ራሴ ጻፍኩት። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። «ፋኖሱን ስንሻው አውርዷል። ጠፋ ብሎ ነግሮኛል። አልሰማሁትም። ገመዱን ከእጁ ነጥቄ ራሴ አሰርኩ። ያኛው ወረቀት ውሸት ነው። ጫኔ።» ማኅተም አስመትቼ አንድ ቅጂ ተቀበልኩ።

በማግስቱ ማልጄ ተነሳሁ። ጉም ነበር፤ ባጃጆቹ መብራታቸው ብቻ ነው የሚታይ። ወረቀቱን ኪሴ፣ ማሽን ሲመጣ ቤቴ የቀረውን አሮጌ ገመድና ፋኖስ ማዳበሪያ ከረጢት ከትቼ በመጀመሪያው ሚኒባስ አዲስ ቅዳም ወረድኩ። ከሰል የሚሸጠውን ስንሻውን ብዬ ጠይቄ ቤቱ ደረስኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ከሰል ይለቅማል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ፊቱ ቆምኩ። ስሜን ሲፈልግ፣ ሲፈልግ አየሁት። አልመጣለትም።

«የጥሊሊ በሬ» አለኝ በመጨረሻ።

ከሰሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩለት። ሁለት ቦታ ላይ ተደናቀፍኩ፤ አላቋረጠኝም። ስጨርስ ተቀብሎ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ጣቱ ከሰል ስለነበረ ጥቁር ምልክት ቀረበት።

«አምስት መስመር ነው?» አለኝ።

«አምስት ነው።»

«ለአምስት መስመር ዘገየህ።»

«ዘገየሁ። ይቅር በለኝ ልልህ ነው የመጣሁ።»

ከረጢቱን በእግሩ ነካ አደረገ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ገመዱ።»

ገመዱን አውጥቶ በጣቱ ሞከረው። ከዚያ ተነሳ። «ከጓሮ ጉድጓድ አለኝ፤ አምስት ሜትር ናት። ደለል ሞላት። ልጆቼ መሳብ እንጂ መውረድ አያውቁም» አለ። «ተኳርፈናል አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ና።»

ፋኖሱን አወረድነው፤ ሁለታችንም አፉ ላይ ተደፍተን አየን። ቀጥ ብሎ ነደደ። ጀርባዬን አዞርኩለት። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ ጠበቅኩት። በብብት ሁለት ጊዜ፣ በጭን መሃል፣ ቋጠሮው በጀርባ። ጉልበቱን ወገቤ ላይ ተክሎ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ሳበው። ዓይኔን ጨፈንኩ። የስንሻው ነው።

«በል አሁን ስደበኝ» አለኝ በጆሮዬ።

ዛሬም አልመጣልኝም። ልጆቹ ገመዱን ያዙና ወረድኩ። ቀዩ አፈር አለፈኝ፣ ቢጫው አለፈኝ። ከታች ቆሜ ቀና ስል ወንፊቱን የሚያህለው ሰማይ አለ፤ ዳሩ ላይ አንድ ጭንቅላት አለ። ከዚያ ድምፁ መጣ። አንዲት እርግጫ የምትወድ በቅሎ ነበረችኝ ብሎ ጀመረ። አካፋዬን አነሳሁ። እስከ ምሳ ድረስ አንዴም ዝም አላለም።